ኮክ፣ ቼሪ፣ ሚራቤል፣ ፒር ወይስ ፖም? በፈረንሳይ ገጠር ያበቡ ዛፎችን ፎቶ ለማንሳት የጊዜና የቦታ መምረጫ

በፈረንሳይ ገጠር እየተዘዋወረ ያበቡ የፍራፍሬ ዛፎችን ፎቶ ለማንሳት የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «የትኛው አካባቢ ይበልጥ ያምራል?» ብሎ ይጀምራል። ይህ ጥያቄ ለምርጫ አይረዳም። በደቡብ የኮክ እርሻዎች ሮዝ በሚለብሱበት ሳምንት የሰሜኑ የፖም ዛፍ ገና ቅርንጫፉ ራቁቱን ነው፤ ፖሙ ሲያብብ ደግሞ ኮኩ አበባውን አራግፎ ቅጠል ስለሚያወጣ ከመንገድ ሲያዩት ከሌላው አረንጓዴ ማሳ አይለይም። ሁለቱን በአንድ አጭር ጉዞ ማግኘት ስለማይቻል ከቦታው በፊት የሚወሰነው መጓዝ የሚችሉበት ሳምንት ነው። ከሳምንቱ ቀጥሎ የሚመዘነው ዛፉ እንዴት እንደተገራና ከበስተኋላው ምን እንዳለ ነው። አበባው በሁሉም ቦታ ውብ ነው፤ በእኔ ልምድ አንዱን ፎቶ ከሌላው የሚለየው የዛፉ ቁመና፣ ከጀርባው ያለው ተራራ ወይም ቤት፣ እንዲሁም የብርሃኑ አመጣጥ ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በታች አማራጮቹን የማነጻጽረው በእነዚህ ነገሮች ነው።

ወራቱን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው፦ በመጀመሪያ ለውዝ በፌብሩዋሪ፣ ከዚያ አፕሪኮትና ኮክ በማርች፣ ከማርች መጨረሻ ጀምሮ ፕሪምና ቼሪ፣ በኤፕሪል አጋማሽ ፒር፣ ከኤፕሪል የመጨረሻ ሳምንት እስከ ሜይ አጋማሽ ደግሞ ፖም ያብባል። ለውዝ ስል በአገራችን ብዙዎች በዚሁ ስም የሚጠሩትን ኦቾሎኒ ሳይሆን በኦሪት ዘኍልቍ የአሮን በትር ያፈራችውን፣ ከሌሎች ዛፎች ሁሉ ቀድሞ የሚነቃውን ዛፍ ማለቴ ነው። ሠዓሊው ቪንሰንት ቫን ጎግ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1888 በደቡብ ፈረንሳይ ወዳለችው አርል ከተማ ሲደርስ ምድሩን በረዶ ሸፍኖት ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ለውዙ ማበብ ጀምሮ ስለነበር በቀጣዮቹ ሳምንታት ከአፕሪኮት ወደ ኮክ፣ ከኮክ ወደ ፒር እየተሸጋገረ አሥራ አራት ያህል ያበቡ የአትክልት ስፍራዎችን በጥድፊያ ሣለ። ያስቸኮለው ምክንያት ዛሬም አልተለወጠም። አንድ ዛፍ ሙሉ በሙሉ አብቦ የሚቆየው ከሰባት እስከ አሥር ቀን ገደማ ነው፤ ነፋስና ዝናብ ከመጣ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የማበቢያው ቀን ራሱ እንደ ዓመቱ ሙቀት እስከ ሁለት ሳምንት ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል። በመሆኑም ከዚህ በታች ያሉትን ቀናት እንደ መነሻ ብቻ ወስደው፣ ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት የአካባቢውን የቱሪስት መረጃ ቢሮ ደውለው ቢጠይቁ፣ ወይም በዚያው ሳምንት የተነሱ ፎቶዎችን ቀናቸውን እያረጋገጡ ቢመለከቱ ይበጃል።

ማርችና የኤፕሪል መጀመሪያ፦ ሩሲዮን ወይስ ሉቤሮን

በማርች መጓዝ ለሚችል ሰው ከሁሉ በፊት የሚታሰበው ቦታ ሩሲዮን ነው። ሩሲዮን በፒሬኔ ተራሮች ሥር፣ በሜዲትራኒያን ባሕርና በስፔን ድንበር አጠገብ፣ በፐርፒኛን ከተማ ዙሪያ የተዘረጋ ምድር ሲሆን የኮክ፣ የነክታሪንና የአፕሪኮት እርሻዎቹ በተለይ በቴት ወንዝ ሸለቆ፣ ኢል-ሱር-ቴት በምትባለው ከተማ አካባቢ ተያይዘው ይገኛሉ። ከእርሻዎቹ በስተደቡብ ምዕራብ 2,784 ሜትር ከፍታ ያለው የካኒጉ ተራራ ከሜዳው ብቻውን ተነጥሎ የወጣ ይመስላል፤ በማርች ጫፉ አብዛኛውን ጊዜ በረዶ እንደለበሰ ስለሆነ፣ ሮዝ አበባንና ነጭ በረዶን ያለ ብዙ ድካም በአንድ ፎቶ ለማስገባት ከማውቃቸው ቦታዎች ሁሉ የሚመቸው ይህ ነው።

የተራራው አቅጣጫ የሰዓቱን ምርጫ ይወስናል። ጠዋት ፀሐይዋ ከጀርባዎ ወጥታ በረዶውንም አበባውንም ፊት ለፊት ታበራለች። ከሰዓት በኋላ ግን ወደ ተራራው በኩል ስለምትዞር ካኒጉ ዝርዝር የሌለው ጥላ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ተራራውን ትቶ አበባውን ከፀሐይዋ ፊት ለፊት ቆሞ ማንሳት ይሻላል። የኮክ አበባ ቅጠል ስስ በመሆኑ ከኋላ የሚመጣውን ብርሃን እንደ ፋኖስ መስታወት ያሳልፋል፣ ሮዙም በቀን ብርሃን ከሚታየው ይበልጥ ይደምቃል። በዚሁ አካባቢ ትራሞንታን የሚባል ከሰሜን ምዕራብ የሚነሳ ብርቱ ነፋስ አለ፤ አንዴ ከጀመረ ለቀናት ሊነፍስ ይችላል። ገበሬዎቹ ይህን ነፋስ ለመከላከል በየእርሻው ጠርዝ እኛ የፈረንጅ ጥድ የምንለው ዛፍ ዘመድ የሆነውን ሳይፕረስ በረድፍ ተክለዋል። ለፎቶ አንሺ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ከሮዝ አበባ ጀርባ እንደ ግድግዳ የቆመ ጥቁር አረንጓዴ ረድፍ ካገኙ ሰማዩ ምንም ዓይነት ቢሆን ፎቶው ይሠራል።

የሩሲዮን ጉድለት ዛፉ ራሱ ነው። ኮክ ለለቀማ እንዲመች ከመሃሉ ተከፍቶና አጥሮ ስለሚገረዝ አንዱ ዛፍ ከሌላው አይለይም፤ ታሪክ ያለው የሚመስል፣ ብቻውን የቆመ ግርማ ያለው ዛፍ የሚፈልግ ሰው እዚህ አያገኝም። የሚያገኘው ረድፍ፣ ቀለምና ርቀት ነው። በረድፎቹ መካከል የመስኖ ቱቦ፣ ሽቦና የበረዶ ጠጠር መከላከያ መረብ ስለሚኖር ፎቶው ውስጥ እንዳይገቡ እያዩ ማንሳት ያስፈልጋል። ሁሉም የኮክ ዝርያም በእኩል አያብብም፦ አንዳንዱ ሰፊ የአበባ ቅጠል ሲኖረው ሌላው እንደ ደወል የጠበበ ትንሽ አበባ ያወጣል፤ ስለዚህ አንዱ እርሻ ሳሳ ብሎ ከታየዎት ጊዜው አልፏል ብለው ከመመለስዎ በፊት ቀጥሎ ያለውን ይመልከቱ። ሻርካ በሚባለው የቫይረስ በሽታ ምክንያት ብዙ የኮክ ዛፎች ተነቅለዋልና በአሮጌ ፎቶ ላይ ያዩት እርሻ ዛሬ ላይኖር እንደሚችል ማወቅም ተገቢ ነው።

ሉቤሮን የተለየ ነገር ያቀርባል። በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ በፕሮቫንስ ውስጥ፣ በአፕት ከተማ ዙሪያ፣ የቼሪ ዛፎች ከወይን ማሳዎች ጋር ተሰባጥረው ይገኛሉ፤ ከማርች መጨረሻ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያም በነጭ ያብባሉ። እዚህ የሚያስደስተው በኮረብታ ላይ የተቀመጡት የድንጋይ መንደሮች ከአበባው ጋር መግጠማቸው ነው። ከቦኒዮ መንደር ወደ ሰሜን ሲመለከቱ ሸለቆው ከሥር ተዘርግቶ፣ በስተምዕራብ የላኮስት መንደር፣ በስተሰሜን ደግሞ 1,910 ሜትር የሚሆነው የቫንቱ ተራራ ይታያል። የቫንቱ ጫፍ ራቁት ነጭ ድንጋይ በመሆኑ በረዶው ከቀለጠ በኋላም ከሩቅ በረዶ የለበሰ ይመስላል። ከአፕት ወዲያና ወዲህ አፈሩ በብዙ ቦታ ቀይና ብርቱካንማ ነው፤ ነጭ አበባ በቀይ አፈር ላይ ሲሆን ሌላ ጌጥ አይፈልግም። ሉቤሮን በላቫንደር ስለታወቀ ብዙዎች በኤፕሪል ሐምራዊ ማሳ ይጠብቃሉ፤ ላቫንደር የሚያብበው ግን በጁንና በጁላይ ስለሆነ ያን ጊዜ የሚታየው ግራጫ ቁጥቋጦ ብቻ ነው።

አንድ የስም ስሕተት ላስጠንቅቅ። ከአፕት አጠገብ በቀይ አፈሯ የታወቀች ሩሲዮን የምትባል መንደር አለች፤ ከፐርፒኛን ዙሪያ ካለው የሩሲዮን ምድር ጋር በስም ብቻ ትገናኛለች፣ በመካከላቸውም ከ250 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ አለ። ኮክ ለማየት ብሎ በመንደሯ ማረፊያ የያዘ ሰው ሲደርስ ቼሪና ወይን ብቻ ያገኛል።

ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ሩሲዮንን እመርጣለሁ። ምክንያቱ የውበት መበላለጥ አይደለም። በሩሲዮን አፕሪኮቱ፣ ቀድመው የሚደርሱት ኮኮችና ዘግይተው የሚደርሱት በየተራ ስለሚያብቡ፣ ከፍ ብለው በሚገኙት እርሻዎችም አበባው ስለሚቆይ፣ በቀን ግምት ቢሳሳቱም የሚያነሱት ነገር አያጡም፤ በኤፕሪል ከደረሱም በዓመቱ የመጀመሪያ ቼሪ የታወቀችው የሴሬ ከተማ በአቅራቢያው ናት። የሉቤሮን ቼሪ ግን ይቅርታ አያውቅም። ሞቅ ባለ አንድ ዓመት በኤፕሪል ሁለተኛ ሳምንት ደርሼ አበባውን በመንገድ ዳር ቦይ ውስጥ ረግፎ አገኘሁት፤ በዚያ ሳምንት ያነሳኋቸው ጥሩ ፎቶዎች ሁሉ የድንጋይ ግድግዳ ናቸው። ለሁለተኛ ጊዜ ለሚሄድ፣ ቀኑን እንደ አስፈላጊነቱ መለወጥ ለሚችልና መንደርን ከዛፍ ጋር ማንሳት ለሚወድ ሰው ግን ሉቤሮን ይበልጣል።

ሎሬን፦ በኤፕሪል ብቻ ለሚችሉ

በኤፕሪል የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በምሥራቅ ፈረንሳይ በሎሬን ምድር ሚራቤል ያብባል። ሚራቤል ትንሽ፣ ክብ፣ ቢጫ የፕሪም ዓይነት ሲሆን ዛፉ ቅጠል ከማውጣቱ በፊት ባዶ ቅርንጫፉን በነጭ አበባ ይሸፍናል። ከሜስ ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ ያሉት የሜዝ ኮረብታዎች ጥግ ለዚህ የሚመረጥ ቦታ ነው፤ የአቶንሻቴል መንደር ከላይ ሆና ሜዳውን ታሳያለች፣ ከማዲን ሐይቅ አጠገብ ደግሞ በሞንሴክ ኮረብታ ላይ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለተዋጉት አሜሪካውያን የቆመው ክብ ባለ ዓምድ ነጭ ሐውልት አለ። ነጭ አበባ ከሥር፣ ነጭ ድንጋይ ከላይ ማድረግ የሚቻልበት ቦታ ነው። ጎብኚ በብዛት አይመጣበትም። ሰማዩ ግን ብዙ ጊዜ ይደፈናል፤ ነጭ አበባ በነጭ ሰማይ ላይ ስለሚጠፋም ከኮረብታው ላይ ወደ ታች፣ ሰማዩን ከፎቶው አስወጥቶ ማንሳት ይሻላል።

ኖርማንዲ፦ ዛፉን ለሚወዱ

እስካሁን ስለ እርሻ ተናገርኩ፤ ስለ ዛፍ መናገር የሚገባኝ እዚህ ነው። በሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ በኖርማንዲ ሁለት ዓይነት የፖም አተካከል አለ። አንደኛው በሽቦ ላይ የተዘረጋ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ዘመናዊ ረድፍ ሲሆን ለፎቶ ብዙም አይጠቅምም። ሁለተኛው ኦት ቲዥ የሚሉት፣ ማለትም ረጅም ግንድ ያለው፣ በሰፊው ተራርቆ በሣር መስክ ላይ የተተከለ ዛፍ ነው። ከብቶች ቅርንጫፉን እንዳይበሉ ግንዱ ወደ ሁለት ሜትር ገደማ ድረስ ባዶ ሆኖ ይገራል፤ ከሥሩ ቡናማ ነጠብጣብ ያላቸው፣ በዓይናቸው ዙሪያ መነጽር ያጠለቁ የሚመስሉ የኖርማንዲ ላሞች ይግጣሉ። ስለዚህ በአንድ ፎቶ ውስጥ ሣር፣ ከብት፣ ግንድና አበባ በአራት ደረጃ ይቀመጣሉ። በቱሪስት ቢሮ ሲጠይቁ «ኦት ቲዥ» የሚለውን ቃል ቢጠቀሙ ወደ ትክክለኛው ቦታ ይመሩዎታል።

ዋናው አካባቢ ከሊዝዩ ከተማ በስተምዕራብ ያለው ፔይ ዶዥ ነው። በካምብረሜርና በቡቭሮን-አን-ኦዥ መንደሮች በኩል የሚያልፈው ምልክት የተደረገበት የሲድር (ከፖም የሚሠራ መጠጥ) መንገድ ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዙር ሲሆን በመኪና አንድ ቀን፣ በብስክሌት ሁለት ቀን መስጠት በቂ ነው። የእንጨት አጽማቸው ከውጭ የሚታይ አሮጌ ቤቶች ከዛፎቹ ጀርባ ይገኛሉ። የፖም አበባ እንቡጡ ቀላ ያለ ሮዝ ሆኖ ሲፈነዳ ግን ነጭ ስለሚሆን ለፎቶ የሚበልጠው ግማሹ ፈንድቶ ግማሹ እንቡጥ የሆነበት ጊዜ ነው። ፖም ከኮክና ከሚራቤል በተለየ ከአበባው ጋር ቅጠልም ስለሚያወጣ ከሩቅ ሲታይ የቀለሙ ኃይል ያንሳል፤ ከቅርብ ግን አረንጓዴው አበባውን ያለሰልሰዋል። በአሮጌ ዛፎች ላይ ተቀጥላ እንደ አረንጓዴ ኳስ ተንጠልጥሎ ይታያል። ለዛፉ ጎጂ ቢሆንም በፎቶ ላይ ዕድሜውን ይናገርለታል።

ብርሃኑን በተመለከተ ኢትዮጵያ ውስጥ ፎቶ ማንሳት የለመደ ሰው አንድ ነገር ልብ ማለት አለበት። በእኛ አገር ፀሐይ ወደ አድማስ የምትወርደው ቀጥ ብላ ስለሆነ ወርቃማው ብርሃን ቶሎ ያልቃል፤ ገና ትሪፖድ ሲዘረጋ ይጨልማል። በኖርማንዲ በሜይ መጀመሪያ ፀሐይ የምትገባው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ የምትወርደውም አግድም ተንሸራትታ በመሆኑ ለስላሳው ብርሃን ለረጅም ጊዜ ይቆያል። እራት ቀድሞ በልቶ መውጣት እንጂ እራት ሰዓት ደረሰ ብሎ መመለስ ትልቅ ኪሳራ ነው። ደመናው ብዙ ቢሆንም ነፋሱ ከደቡቡ ይልቅ የረጋ በመሆኑ አንዲትን አበባ ቀርቦ ለማንሳት ከሁሉም የሚመቸው ይህ አገር ነው።

ከፔይ ዶዥ በስተደቡብ ምዕራብ በዶምፍሮን ከተማ ዙሪያ ያለው የፒር ምድር ግን የእኔ የግል ምርጫ ነው። እዚህ ከፒር ፍሬ ፖሬ የሚባል አረፋ ያለው ቀላል መጠጥ ይሠራል፤ የዶምፍሮን ፖሬ ከ2002 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ የቦታ ስም አለው። ዛፎቹ ለመጠጥ እንጂ ለገበያ ፍሬ ስለማይለቀሙ ማንም አያሳጥራቸውም፤ ከ15 ሜትር በላይ የሚያድጉ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የኖሩም አሉ። በኤፕሪል አጋማሽ፣ ከፖሙ ቀደም ብለው፣ ከሥር እስከ ጫፍ በነጭ ሲሸፈኑ ከመስኩ መካከል እንደ ደመና የቆመ ዛፍ ይሆናሉ። የሩሲዮን ኮክ ዓይንን በብዛቱ ይይዛል፤ የዶምፍሮን ፒር ግን አንድ ዛፍ ብቻ አንድ ሙሉ ጠዋት ያቆማል። ወደዚህ የሚመጣው ፎቶ አንሺ ጥቂት ነው፣ ይህም ያሳዝነኛል። አበባውን በቅርብ ሲያዩት በመሃሉ ያሉት ጥቁር ቀይ ነጠብጣቦች ከፖምና ከቼሪ ይለዩታል፤ ሽታው ደስ የሚል አይደለም፣ ፎቶ ግን አይሸትም።

በባቡር፣ በመኪና ወይስ በብስክሌት

መኪና የማይነዳ ሰው ሩሲዮንን ይምረጥ። ከፓሪስ ፐርፒኛን በፈጣን ባቡር አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ከፐርፒኛን ወደ ቪልፍራንሽ-ደ-ኮንፍላን የሚሄደው የአካባቢ ባቡር በኢል-ሱር-ቴትና በፕራድ በኩል፣ ማለትም በኮኩ ሸለቆ መካከል ያልፋል። ከኢል ጣቢያ ወርዶ በእግር እርሻዎቹ ጋ መድረስ ይቻላል። ወደ ሉቤሮን ባቡር እስከ አቪኞን ይወስዳል፤ ከዚያ ወደ አፕት ያለው አውቶቡስ ለጠዋት ብርሃን አያደርስም። ነገር ግን በድሮ የባቡር ሐዲድ ላይ የተሠራው የካላቮን የብስክሌት መንገድ በአፕትና በሮማውያን ዘመን ድልድይ በፖን ዡልየን አጠገብ ስለሚያልፍ፣ አፕት ያደረና ብስክሌት የተከራየ ሰው ሳይቸገር ይሠራል። በፔይ ዶዥ እስከ ሊዝዩ ባቡር አለ፤ ከዚያ ወዲያ መኪና ወይም ጠንካራ እግር ያስፈልጋል። ለዶምፍሮንና ለሜዝ ኮረብታዎች ያለ መኪና እንዲሞክሩ አልመክርም።

መኪና ለሚይዙ ደግሞ አውራ ጎዳናውን በጊዜ ትተው በካርታ ላይ «ዲ» በሚል ፊደል በሚጀምሩት የክፍለ ግዛት መንገዶች ቢገቡ ዛፉን ያዩታል። መንገዶቹ ጠባብ፣ ዳራቸውም ቦይ ስለሆነ ባዩበት ድንገት መቆም አደገኛ ነው፤ የማሳ መግቢያ ላይ ማቆም ደግሞ ትራክተር ይዘጋል። ከመንደሩ መኪና ማቆሚያ ተነስቶ በእግር መመለስ የተሻለ ነው።

ሌንስና የብርሃን መጠን

አንድ ሌንስ ብቻ መያዝ ለሚችል ሰው ለደቡቡ ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ያለውን እመክራለሁ። ረድፎቹን አቀራርቦ ያሳያል፣ ካኒጉን ወይም ቫንቱን ወደ አበባው ያመጣል፣ ከሁሉም በላይ ከሕዝብ መንገድ ላይ ሆኖ ለመሥራት ያስችላል። ለኖርማንዲ ግን ከ24 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ያለው ሰፊ ሌንስ ይበልጣል፤ ከረጅሙ ዛፍ ሥር ቆሞ ግንዱን፣ ሣሩንና አክሊሉን በአንድ ላይ ለመያዝ ይረዳልና። ለነጠላ አበባ የሚሆነውን ማክሮ ሌንስ በነፋሻማው ደቡብ ብዙ ጊዜ ከቦርሳ አያወጡትም። ስልክ ብቻ የያዘ ሰውም በሰፊው እይታ ጥሩ ሥራ ይሠራል፤ ጀርባውን በሰው ሠራሽ መንገድ የሚያደበዝዘውን ምርጫ ግን ያጥፋው፣ የአበባውን ጠርዝ ይቆርጠዋልና።

ነጭ አበባ ካሜራን ያሳስታል። ካሜራው ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ስለሚሞክር፣ ፎቶውን የሞላው ነጭ ቼሪ ከሆነ አጨልሞ ያነሳዋል፤ ያን ጊዜ የብርሃን መጠኑን ከ0.7 እስከ 1 ደረጃ መጨመር ያስፈልጋል። አበባው ትንሽ ሆኖ ጀርባው ጥቁር ሳይፕረስ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ካሜራው ጥቁሩን ለማብራት ሲል አበባውን ያቃጥለዋልና መቀነስ ይገባል። ለኮክ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ፦ በሮዝ አበባ ላይ ቀድሞ የሚሞላው ቀዩ ቀለም ስለሆነ ጠቅላላውን ሂስቶግራም (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) ብቻ ሳይሆን የሦስቱን ቀለማት ለየብቻ የሚያሳየውን ይመልከቱ፤ ካሜራው ያየውን ሳያስተካክል በሚያስቀምጠው በሮው ፋይል ማንሳትም ለማስተካከል ቦታ ይሰጣል። የሹተር ፍጥነቱን በጸጥታ ቀን በ1/250፣ ትራሞንታን ሲነፍስ በ1/1000 ሰከንድ መጀመር የተሻለ ነው፤ ለዚህ ሲባል አይኤስኦን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ከፍ ማድረግ የሚያስፈራ አይደለም።

ወደ ማሳው መግባት

አብዛኞቹ የደቡብ እርሻዎች አጥር የላቸውም፤ ይህ ግን የተፈቀደ አያደርጋቸውም። የፈረንሳይ ከፍተኛ የሰበር ፍርድ ቤት ሜይ 7 ቀን 2004 በሰጠው ውሳኔ የንብረት ባለቤት በንብረቱ ምስል ላይ ብቸኛ መብት እንደሌለው፣ መቃወም የሚችለውም ምስሉ ከመጠን ያለፈ ጉዳት ሲያደርስበት መሆኑን አረጋግጧል። ስለዚህ ከመንገድ ላይ ዛፍ ማንሳት አያስቸግርም፤ መግባት ግን ፈቃድ ይፈልጋል። ሰው ካገኙ ከሁሉ በፊት «ቦንዡር» ይበሉ፤ እኛ ገጠር ገብተን «እንዴት ዋላችሁ» ሳንል ወሬ እንደማንጀምር ሁሉ በፈረንሳይ ገጠርም ያለ ሰላምታ የተጀመረ ጥያቄ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ሰላምታ ቀድሞ ሲጠየቁ እምቢ ያለኝ ገበሬ እጅግ ጥቂት ነው፤ አንዳንዶቹ የማላውቀውን ጥሩ ዛፍ መርተው አሳይተውኛል። የንብ ቀፎ በአበባ ጊዜ በየእርሻው ስለሚቀመጥ ከመግቢያው ፊት ለፊት አይቁሙ። ትራክተር መድኃኒት እየረጨ ከሆነ ከአካባቢው ይራቁ። በኖርማንዲ መስኮች የከፈቱትን በር ሁሉ መልሰው ይዝጉ።

ውርጭ በሚጠበቅበት ሌሊትም አስተያየቴ ጥብቅ ነው። በኤፕሪል 2021 መጀመሪያ የወረደው ውርጭ በብዙ የፈረንሳይ ክፍሎች የፍራፍሬና የወይን አዝመራን ክፉኛ ጎድቷል። በእንዲህ ያለ ሌሊት ገበሬዎች በረድፎቹ መካከል ሻማ ያበራሉ፣ ወይም ውኃ ይረጫሉ፤ ውኃው በአበባው ላይ ሲረጋ የሚለቀው ሙቀት አበባውን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ስለሚያቆየው ይድናል። ለካሜራ አስደናቂ እይታ ቢሆንም ያ ሰው የዓመት እንጀራውን ለማዳን እየተሯሯጠ ነውና በመካከሉ መግባትና መብራት ማብራት አይገባም። ጎህ ሲቀድ፣ ሥራው ሲያበቃ፣ በረዶ የለበሰውን አበባ ከመንገድ ሆኖ ማንሳት ይበቃል።

ዘግይተው ከደረሱ ወደ ከፍታ ይውጡ፤ በሜዳው የረገፈው በተራራው ግርጌ ገና እያበበ ሊሆን ይችላል። ያም ካልተገኘ በማለዳ ወደ ረገፈው እርሻ ይመለሱ። ከዛፎቹ ሥር በሣሩ ላይና በትራክተር ጎማ ፋና ውስጥ የተጠራቀመው አበባ ነጭነቱን የሚጠብቀው አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ካሜራውን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ፣ ፀሐይዋ በግንዶቹ መካከል በአግድም ስትገባ ማንሳት ያስፈልጋል።